የእንጦጦ ማገዶ፦ ማኅበራዊ ደንብና ሕግ

የእንጦጦ ማገዶ ለቀማ በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ማኅበራዊ ደንብና ሕግ የሚገናኙበት የምጣኔ ሀብት ምሳሌ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት አቃለለ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥን ያስቀጣል፤ በልማድ ግን የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ የለቃሚው ነው። ቅጣት የቆረጣን ዋጋ ያንራል፤ ሌላ ገቢ የሌላትን እንጨት ተሸካሚ ግን ከጫካው አያስቀራትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚያወጡትና የሚያስከብሩት ደንብ የጋራ ሀብትን ሊጠብቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ሕጉ ለቀማን ከቆረጣ ለይቶ ሲያይ፣ ለቃሚዎቹም የደኑ ጠባቂ ሊሆኑ ይችላሉ።