ቃላት በድምፅ ቢመሳሰሉ ዘመዳሞች ናቸውን?

ቋንቋ ያለፈው ትውልድ ታሪክ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ነገር ግን ይህን መዝገብ ያለ ሥርዐት የሚያነብ ሰው ያልተጻፈውን አነበብሁ ማለቱ አይቀርም። ሁለት ቃላት ተመሳስለው ሲገኙ «የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ «እንግዲያውስ ሕዝቦቹም አንድ ነበሩ» ወይም «ነገሩ ከዚህ አገር ወደዚያ ሄደ» ተብሎ ታሪክ ይሠራበታል። መሠረቱ ድምፅ ብቻ የሆነ ታሪክ ግን በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው። ስለዚህ የቃላት ዝምድና በምን እንደሚታወቅ መመርመር ይገባል።

ቃላት የሚመሳሰሉበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው ትውልድ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ወርደው ቃሉን ከእናታቸው ወርሰውታል። ሁለተኛው ውሰት ነው፤ አንዱ ሕዝብ ከጎረቤቱ ዕቃውን ወይም ትምህርቱን ሲቀበል ስሙንም አብሮ ይቀበላል። ሦስተኛው ድንገት ነው፤ የሰው አፍ የሚያሰማው ድምፅ ጥቂት፣ የሚሰይመው ነገር ግን እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ቃላት በመንገድ እንደሚገናኙ ሁለት መንገደኞች አንዳንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ።

ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት በኤውሮጳ መሠረት የጣለው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። እርሱም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮም ከመካነ ሥላሴው ተወላጅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ መስፍኑ ኤርንስት ጠርተዋቸው ወደ ጎታ ከተማ ሄዱና ሁለቱ አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በጉዞ ላይ ሳሉ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ፤ ዕውቀታቸው ግን አልሰጠመም። ሉዶልፍ የግዕዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የአማርኛውን በ1698 አሳተመ፤ ግዕዝም የዕብራይስጥ፣ የሱርስትና የዐረብኛ ወንድም መሆኑን አስረዳ።

የዚህ ወንድማማችነት ማስረጃ መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ሥርዐት ያለው ልዩነት ነው። ዐረቦች የምላስን ጫፍ በጥርስ መካከል አድርገው የሚያሰሙት አንድ ድምፅ አለ፤ እርሱም በዕብራይስጥ «ሸ»፣ በሱርስት «ተ»፣ በግዕዝ «ሰ» ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በሬ በዕብራይስጥ ሾር፣ በሱርስት ታውራ፣ በግዕዝ ሶር ነው። ሦስት ሽሎሻ፣ ትላታ፣ ሠለስቱ ይባላል፤ ስምንትም ሽሞና፣ ትማንያ፣ ሰመንቱ ይባላል። «ሾር»ና «ታውራ» ለጆሮ የሚመሳሰሉ አይደሉም፤ ነገር ግን ልዩነታቸው በየቃሉ በአንድ ሕግ ስለሚሄድ እውነተኛ ወንድማማች ናቸው። ግዕዝንና አማርኛን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሕግ እንግዳ አይደለም፤ ጸግበ ጠገበ፣ ጸንዐ ጠና፣ ጸብሐ ጠባ፣ ጽላሎት ጥላ ሲሆን ዘወትር ይሰማልና።

በአንጻሩ መልካቸው አንድ፣ ዘራቸው ልዩ የሆኑ ቃላት አሉ። አምላክ በጽርዕ «ቴዎስ»፣ በሮማይስጥ «ዴዎስ» ይባላል። ድምፃቸውም ፍቺአቸውም ይቀራረባል፤ ሁለቱ ቋንቋዎችም በእውነት ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም ሊቃውንት ሁለቱን ቃላት አንድ አያደርጓቸውም። የሮማይስጥ «ደ» በጽርዕም «ደ» ነው፤ ዐሥር በአንዱ ዴኬም፣ በሌላው ዴካ ይባላልና። ከቃል መጀመሪያ ላይ ለዚያኛው የጽርዕ ድምፅ የሚመልሰው የሮማይስጥ «ፈ» ነው፤ ጢስ በጽርዕ ቲሞስ ከሚለው ሥር፣ በሮማይስጥ ፉሙስ ነው። እንግዲህ «ዴዎስ» ወንድሙን ቢፈልግ የሚያገኘው በ«ቴዎስ» ዘንድ ሳይሆን ግሪኮች በጣዖት ዘመን ያመልኩት በነበረው በ«ዜውስ» ስም ዘንድ ነው።

ውሰትና ትውልድ ደግሞ በአንድ ቃል ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ። «ሃይማኖት» ከ«አምነ» ጋራ ሥሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ያለው «ሃይ» ከግዕዝ አረባብ የሚወጣ አይደለም፤ ቃሉ «ሃይማኑታ» ከሚለው ከሱርስት የተገኘ ነው። ዘመድ ከዘመዱ ተበደረ ማለት ነው።

እነሆ አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚነገረው ወደ ቡና ነገር እንምጣ። ኤውሮጳውያን «ካፌ» ወይም «ኮፊ» የሚሉት ከካፋ አገር ስም የወጣ ነው ይባላል። ዛፉ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የበቀለ መሆኑ እውነት ስለ ሆነ ነገሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቃሉ የሄደበት መንገድ ሲከተሉት ሌላ ነው። ኢጣልያኖች «ካፌ» ያሉት የቱርኮችን «ካህቬ» ሰምተው ነው፤ ቱርኮችም የወሰዱት ከዐረቦች «ቀህዋ» ነው፤ ቀህዋም ቡና መጠጣት ሳይታወቅ በፊት በዐረብኛ የወይን ጠጅ ስም ነበረ። ዐረብኛ «ፈ» የሚባለውን ድምፅ ይናገራል፤ ስሙ ከካፋ ቢሆን ኖሮ «ፋ»ውን ወደ «ህዋ» የሚለውጥበት ምክንያት አልነበረውም። ካፋንና ካፌን የሚያመሳስለው «ፈ» መጨረሻ በኤውሮጳ የተወለደ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ የካፋ ሰዎች ራሳቸው በቋንቋቸው ዛፉን «ቡኖ» ይሉታል።

ዐረቦች ፍሬውን «ቡን» ማለታቸው ግን ከ«ቡና» ጋራ በእውነት የተያያዘ ነው፤ ነገሩም አንድ፣ የባሕሩም መሻገሪያ የታወቀ ነውና፤ ይህ የንግድ ዝምድና ነው። እንግሊዞች ደግሞ የቡናን ፍሬ «ቢን» ሲሉት የሚሰማ ሰው ይህንም ከ«ቡና» ሊያዛምደው ይችላል። ሆኖም «ቢን» ማለት ባቄላ ነው፤ ቃሉም በጥንታዊው እንግሊዝኛ የተጻፈው በ1652 በሎንዶን የቡና ቤት ከመከፈቱ ከ600 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ይህ ድንገት ብቻ ነው።

ስም ለብቻው የትውልድ ምስክር እንዳይደለ ሌላም አስረጅ አለ። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ቡናን «ዐረባዊት» ብሎ ሰየማት፤ ዛፊቱ ግን ስለዚህ የዐረብ ተወላጅ አልሆነችም። እንዲሁም «ካፌ» ከካፋ ስም አለመውጣቱ ከካፋ ክብር ምንም አያጐድልም። የካፋ ምስክሩ በጫካው ውስጥ ያለው ዛፍ ነው እንጂ በባዕድ አፍ ያለ ድምፅ አይደለም። እውነተኛ ማስረጃ ያለው ሕዝብ ሐሰተኛውን ቢጨምርበት እውነተኛውን ያስጠረጥርበታል። ስለዚህ ሁለት ቃላት ሲመሳሰሉ መጀመሪያ ሕጋቸውን፣ ቀጥሎ ዘመናቸውን፣ ከዚያም የመጡበትን መንገድ መጠየቅ ይገባል፤ ዝምድናቸውን መመስከር ከዚህ በኋላ ነው።