ለማጥፋት የተሠራ ትዝታ

ሚሞሪ ካርድ ከስሙ ጋር የተጣላ ዕቃ ነው። እኛ «ሚሞሪ» እንለዋለን፤ ትዝታ እንደማለት። ዘፈንና ፊልም የምንጭንበትን ዩኤስቢ ደግሞ «ፍላሽ» እንለዋለን። የሁለቱም ሆድ ዕቃ አንድ ነው፣ ፍላሽ ሜሞሪ የሚባለው ቴክኖሎጂ። ፍላሽ የተባለው ለምን መሰላችሁ? በደንብ ስለሚያስታውስ አይደለም። በአንዴ ስለሚያጠፋ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ጃፓን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለው መሐንዲስ በ1971 ቶሺባ ተቀጠረ፤ ሐሳቡ ሲመጣለት መብራት ቢሄድም የያዙትን የማይለቁ ቺፖች ነበሩ። ጭንቁ ማጥፋቱ ላይ ነበር። አንዱ ዓይነት ቺፕ አናቱ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት በኩል በአልትራቫዮሌት ጨረር ለደቂቃዎች ካልተመታ አይጠፋም። ሌላው በኤሌክትሪክ ይጠፋል፣ ግን ውድ ነው፣ የሚያጠፋውም ጥቂት በጥቂት ነው። ማሱኦካ ታዲያ ለምን ብዙውን በአንድ ምት አናጠፋውም አለ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዷ ማከማቻ ትንሽ ቦታ ትይዛለች፣ ዋጋውም ይወርዳል። ሾጂ አሪዙሚ የሚባል ባልደረባው አጠፋፉን ሲያይ የካሜራ ብልጭታ ትዝ አለውና ስሙ በዚያው ጸደቀ። ማሱኦካ ሥራውን በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ አቀረበ፤ በ1987 ደግሞ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለውን ናንድ የተባለውን ዓይነት። የእሱ የራሱ ነገር ትንሽ ያሳዝናል። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ፈጠራ ይዞ፣ የድርሻዬን ስጡኝ ብሎ በ2004 የቀድሞ አሠሪውን ከሰሰ፤ በ2006 በ87 ሚሊዮን የን ታረቁ።

ካርዱ ውስጥ የሚሆነውን በቀላሉ ልንገራችሁ። ቺፑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉት። እያንዳንዷ ክፍል ዙሪያዋን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ግድግዳ ታጥራለች። ፎቶ ስታነሱ ኤሌክትሮኖች በጉልበት ግድግዳውን አልፈው ይገባሉ፤ ፎቶው ማለት እነዚያ እስረኞች ናቸው። በተጻፈና በተደመሰሰ ቁጥር ግድግዳው ይጎዳል። ሳትነኩት ብታስቀምጡትም ኤሌክትሮኖቹ ቀስ እያሉ ያመልጣሉ፤ ሙቀት ደግሞ ያፈጥናቸዋል። ድሮ አንዲት ክፍል አለ ወይም የለም ብቻ ነበር የምትለው። ካርዱ እየረከሰ ሲሄድ ግን በአንዲት ክፍል ውስጥ 8፣ ከዚያም 16 የተለያየ ልክ መለየት ግድ ሆነ። ትንሽ ከሾለከ ልኩ ይዛባል። እርግጥ ካርዱ የራሱ ስህተት ማረሚያ አለው፤ ለዚህም ነው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደህና የሚመስለው። ወረቀት ሲሞት ይታያል፤ ይወይባል፣ ጥጉ ይቀደዳል። ካርድ ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

እዚህ ላይ ወደ ፎቶ ቤቶቻችን ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም የጠፋብን ነገር ቴክኖሎጂ ብቻ አይመስለኝም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። ከእነሱ በኋላ ሙያው ከቤተ መንግሥት ወደ ሰፈር ወረደ። ደንበኛው የታጠበውን ፎቶ ይዞ ይሄዳል፣ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ ይቀራል። ደንበኛው ደግሞ አንድ ብቻ አያሳጥብም። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ፣ ለጓደኛው፣ ለአክስቱ፣ ክፍለ አገር ላለች እጮኛው ይልካል። ማንም መረጃ እጠብቃለሁ ብሎ አላሰበም። ግን አንድ ፊት በአራት ቤት አልበም ውስጥ ይኖር ነበር። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ፕሮጀክት የከተማዋን የድሮ ሰዎች ከየቤቱ አልበም ለቅሞ መጽሐፍ ማውጣት የቻለው ለዚህ ይመስለኛል።

ያንን ልማድ ሳናውቀው ጣልነው። ኤስዲ ካርድን ሳንዲስክ፣ ቶሺባና የዛሬው ፓናሶኒክ በ1999 ይፋ አደረጉት። 2 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከፖስታ ቴምብር የማይበልጥ ነገር አልበሙንም ኔጋቲቩንም ተካ። አንድ ቅጂ፣ አንድ ቦታ። (ጎኑ ላይ ያለችው መቆለፊያ ደግሞ ታስቀኛለች። ከውስጡ ጋር ግንኙነት የላትም፤ ካሜራው አይቷት እሺ ካላለ በስተቀር ምንም አትቆልፍም።) አደጋው ቀድሞ የገባቸው በፎቶ እንጀራ የሚበሉት ናቸው። ሰርግ ድጋሚ አይደገስም፤ ሙሽራዋን ካርዱ ተበላሽቷልና ኬኩን እንደገና ቁረሺ አትሏትም። ካኖን በ2004 ሁለት ካርድ የሚጎርስ ካሜራ አወጣ፣ ኒኮን በ2007 ተከተለ፤ አንዱ ፎቶ በሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል። በ2018 ሁለቱም ኩባንያዎች ባለ አንድ ካርድ አዳዲስ ካሜራ ይዘው ሲመጡ የሰርግ ፎቶ አንሺው ሁሉ ጮኸ። ስልክ የያዝነው ብዙዎቻችን ግን አልጮኽንም።

አክስቴ ስልኳ ውስጥ የነበረችው ማይክሮ ኤስዲ የባሏን የመጨረሻ ሁለት ዓመት ይዛ ነበር። አንድ ቀን ስልኩ ካርዱን አላውቀውም አለ። ሰፈር ያለው ስልክ ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ፣ ይሠራል» አላት። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። የሚሠራው ግን ካርዱ እንጂ ፎቶው አይደለም።

ካርድ እንደ መጽሐፍ ማውጫ አለው። ፎቶ ስታጠፉ፣ ወይም የተለመደውን ፈጣን ፎርማት ስታደርጉ፣ ባብዛኛው የሚፋቀው ማውጫው ነው፤ ገጾቹ አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካርዱን አውጥቶ ምንም አለመጻፍ ነው። አንድ ፎቶ እንኳን። እኛም ካርዱን በሙሉ እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥነውና በግልባጩ ላይ ፎቶሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ለቀቅንበት። ክሪስቶፍ ግሬኒየ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው ነው። ማውጫውን ትቶ ገጽ በገጽ እየሄደ የፎቶ አጀማመር የሚመስል ምልክት ይፈልጋል። ብዙ አገኘ። የፋይል ስም የለ፣ ፎልደር የለ፣ የአንዱ ልደት ከሌላው ለቅሶ ተደባልቆ። አንዳንዱ ፎቶ እስከ ግማሹ ድረስ ሰው ነው፣ ከዚያ በታች ግራጫ። አንዱ ላይ አጎቴ ፊቱ አለ፣ እጁ የለም፤ የያዘው ሲኒ ይሁን ጋዜጣ አታውቁም። አክስቴ ያንን ረጅም ጊዜ አየችው።

ከሁሉ ጥርት ብሎ የተገኘው ግን ከካርዱ አልነበረም። በኢሞ ሪያድ ላለችው እህቷ ልካው የነበረ ነው። ጥራቱ ቀንሷል፣ ሙሉ ግን ነው።

ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኛ አገር ከባዱ ሦስተኛው ነው። ጎግል ፎቶስ ያለገደብ በነፃ ማስቀመጡን በ2021 አቁሟል፤ ሺህ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ መጫን ደግሞ ፓኬጅ ይበላል። እኔ በየሦስት ወሩ አንድ ሃርድ ዲስክ ሞልቼ እህቴ ቤት አስቀምጣለሁ፣ የእሷ እኔ ጋ አለ። እየከፈትን መሥራቱን እናያለን፣ ምክንያቱም ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም።

አክስቴ ሃርድ ዲስክ አልገዛችም። ከሪያድ የተመለሰላትን ፎቶ ሦስት አድርጋ አሳጠበች። አንዱ ሳሎን ተሰቅሏል፣ አንዱ ደሴ ሄዷል፣ ሦስተኛው መንገደኛ ተገኝቶለት በሰው እጅ ወደ ሪያድ ተልኳል።