የተሳላሚው ስንቅ፦ ከቡታጅራ ወደ ምድረ ከብድና ወደ ዝቋላ

በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ቡታጅራ የነጋዴ ከተማ ብቻ ሳትሆን የተሳላሚም መነሻ ናት። ሙስሊሙ ለዚያራ ወደ አብሬት፣ ወደ ቃጥባሬና ወደ አልከሶ ይነሣል፤ ክርስቲያኑ ወደ ምድረ ከብድ አቦ፣ ጉልበቱ የጸናለትም አልፎ ወደ ዝቋላ ይጓዛል። የተሳላሚ ነገር ሲወሳ ዘወትር የሚነገረው ስለ ደረሰበት ደብር ነው። ነገር ግን የጉዞው ታሪክ የሚጀምረው ከደብሩ ደጅ ሳይሆን ከቤት፣ ስንቁ ከሚሰናዳበትና ቀኑ ከሚቆጠርበት ሰዓት ነው።

ገድለ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እንደሚተርከው ጻድቁ ከግብፅ መጥተው በዝቋላና በምድረ ከብድ በተጋድሎ ኖሩ፤ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብርም ይከተሏቸው ነበር። ምድረ ከብድ የሚገኘው በሶዶ ጉራጌ አገር ሲሆን፣ ጻድቁ ያረፉበት ስፍራ እንደ ሆነ በምእመናን ዘንድ ይታመናል። ዝቋላ ደግሞ ከዚያ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ፣ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ እሳቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ በአናቱም ላይ ሐይቅ ተኝቷል። ዝናው ከአገር አልፎ ሩቅ የተሰማው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በእ.ኤ.አ. 1460 ገደማ ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ የዝቋላ ስም ሰፍሯል። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው ከአገሩ ተወላጆች ከሆኑ ካህናት እንደ ሆነም ራሱ መስክሯል።

የጉዞው የመጀመሪያ ሥራ ቀን መቁጠር ነው። ዓመታዊዎቹ በዓላት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጥቅምት 5፣ ሁለተኛው መጋቢት 5 ቀን ይውላል። ጥቅምት 5 ከመስቀል በዓል 18 ቀን በኋላ ነው። ለመስቀል ከየከተማው ወደ አገሩ የገባው ጉራጌ ወደ ንግዱ ሳይመለስ ስለቱን ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጭቃው አልደረቀም፤ ከጉራጌ ተራሮች ወደ ዝዋይ የሚወርዱት የመቂ ገባሮችም ሙላታቸው ገና አልጎደለም። ወደ ዝቋላ የሚዘልቀው ደግሞ አዋሽን መሻገር አለበት። በመጋቢት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጠላቱ ጥማትና ፀሐይ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር መሠረት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም ዘግይቶ አይገባም። ስለዚህ የመጋቢቱ አቦ በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከጾም ውጭ ውሎ አያውቅም። ዝግጅቱን ሁሉ የሚገዛው ይህ ነው።

በጾም የሚጓዝ ሰው ቅቤ የገባበትን ጭኮ አይዝም። የሚሰንቀው በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ የጉራጌው ተሳላሚ ከሆነም ቆጮ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በሶ የመንገደኛ ምግብነቱ የተመሰከረ ነው፤ ገብሱ ከቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ስለሚወጣ በመንገድ ላይ ውሃ እንጂ እሳት አይሻም። እሳት ያልነደደበት ተራራ ደግሞ ደኑ ይተርፋል። ከስንቁ ጋር ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ፣ ለደብሩ ጧፍና ዕጣን፣ ለመልሱም ጠበል መቅጃ ይያዛል።

ከዕቃው ሁሉ በላይ የሚታሰበው ግን ማደሪያ ነው። ከቡታጅራ እስከ ዝቋላ በአየር መስመር ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ሲሆን በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። መንገዱም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ጉራጌውና ኦሮሞው ጎረቤት ሆኖ በሚኖርበት አገር ውስጥ ያልፋል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው ሃይማኖቱን ከመጠየቁ በፊት ውሃ የሚቀርብለት በዚህ አገር ልማድ ነው። ተሳላሚው ስንቁን ሲያሰላ የሌላውን ሰው ደጅ አብሮ አስልቷል ማለት ነው።

ተራራው ራሱም የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በዋቄፈና እምነት የጸና ኦሮሞ በዝቋላ ለዋቃ ምስጋናና ልመና ያቀርባል፤ ሐይቁንና ድንጋዮቹንም ያከብራል። ኢሬቻም በበጋው መጨረሻ ከተራራ ላይ፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ በውሃ ዳር የሚከበር በመሆኑ ሁለቱ ወቅቶች ከሁለቱ የአቦ በዓላት ጋር ይቀራረባሉ። አንዱ ዝናብን የሚለምንበትና ስለ ዝናብ የሚያመሰግንበት ወራት ለሌላውም የስለት ወራት ሆኖ ቆይቷል።

ይህን የመሰለ ነገር በሌላው ዓለምም አለ። ከሂማላያ ወዲያ በቲቤት የሚገኘው ካይላስ ከ6,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ሂንዱዎች የሺቫ ማደሪያ ይሉታል፤ ቡድሂስቶችም እንደ ቅዱስ ስፍራ ይሳለሙታል። ሁለቱም ወደ አናቱ አይወጡም፤ 52 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን በእግራቸው እየዞሩ ከ5,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለውን በር ያቋርጣሉ። የሁለቱም አዟዟር ተራራውን በስተቀኝ አድርጎ ነው። ቦን የሚባለው የጥንቱ የቲቤት እምነት ተከታዮች ግን በስተግራ አድርገው ይዞራሉ። ስለዚህ በአንዱ ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት እየተገናኙ ይተላለፋሉ። በኔፓል በሙክቲናት ደግሞ ከ108 የውሃ አሸንዳዎች በሚወርደው ውሃ ሂንዱውም ቡድሂስቱም ይጠመቃል። የቲቤት መንገደኛ ስንቅ የሆነው ጻምፓም የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ማለትም የእኛው በሶ ነው። ለብርድ፣ ለአቀበትና ለማገዶ እጦት ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች አንድ መልስ አግኝተዋል።

የመንገዱ ነገር በኋለኛው ዘመን ተለውጧል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ከየንግዳቸው ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቁመው ነበር። ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ደካማው፣ አሮጊቷና ሕመምተኛው በመኪና ተጭነው ለበዓሉ መድረሳቸው ታላቅ በጎነት ነው። ሆኖም በእግር ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው በግማሽ ቀን ሲያልቅ ተሳላሚው በመካከሉ ያሉትን ደጆች ሳያንኳኳ ያልፋል፤ እነርሱም እርሱን ሳያውቁት ይቀራሉ። በብዙ ቀን ተንጠባጥቦ ይደርስ የነበረው ሕዝብ በአንድ ሌሊት ከተራራው ላይ ሲፈስም ውሃው፣ ሣሩና ማገዶው አይችለውም።

ጉዳቱም በዓይን ታይቷል። በ2000 ዓ.ም. እና በመጋቢት 2004 ዓ.ም. የዝቋላ ደን በእሳት ተቃጥሏል፤ እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብና ከከተማ የመጡ ሰዎች ተረባርበዋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዳሙ መነኮሳት ተገድለዋል። ሰላም ከሌለ ስንቅ መሰነቅ ብቻውን እንደማያደርስ የካይላስም ታሪክ ያስረዳል። የሕንድ ተሳላሚዎች በሁለቱ መንግሥታት ጠብ ምክንያት ለዓመታት ታግደው ቆይተው የተመለሱት በእ.ኤ.አ. 1981 ነው፤ በእ.ኤ.አ. 2020 እንደገና ተቋርጦ በ2025 ዳግመኛ ተከፍቷል።

እንግዲህ መንገድ የሚነድፍ፣ ውሃ የሚያወጣ ወይም ደን የሚጠብቅ ባለሙያ በእነዚህ ስፍራዎች ሊሠራ ሲነሣ፣ የጥንቱ ተሳላሚ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች ቢጠይቅ አይሳሳትም። ቀኑ የትኛው ነው? ወንዙ ስንት ይሞላል? ውሃው ለስንት ሰው ይበቃል? እሳት የማይሻው ስንቅ የትኛው ነው? የምናድረውስ በማን ደጅ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የሚመለሰው በቢሮ አይደለም። ከገዳሙ አባቶች፣ ከኦሮሞ ሽማግሌዎችና በመንገዱ ዳር ከሚኖሩት ሙስሊምና ክርስቲያን ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ በመምከር ነው። ቀድሞ ይህን ምክር ተሳላሚው ራሱ፣ በየማታው፣ ደጅ ላይ ቆሞ ይፈጽመው ነበር።