የቤት እመቤትና የጡረታ ሒሳብ



የቤት እመቤት ሥራ ሳይነጋ ይጀመራል፤ ከመሸም አያልቅም። ነገር ግን ደመወዝ የማይከፈልበት ስለ ሆነ በጡረታ መዝገብ አይጻፍም። ታዲያ ዕድሜዋን በዚህ ሥራ የፈጸመች ሴት በእርጅናዋ ዘመን በምን ትተዳደራለች? የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ይህን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደ መለሱት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1935 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ወርኀዊውን የእርጅና አበል የወሰነው ለሠራተኛው ብቻ ነበር። በ1939 ሕጉ ሲሻሻል፥ 65 ዓመት ለሞላት ሚስት የባሏ አበል እኩሌታ እንዲታሰብላት፥ ለመበለትም አበል እንዲከፈላት ተደነገገ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ የአበሉ ምንጭ የባል ሥራ ነው፤ በእኛም አገር ለሟች የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት የሚሰጠው አበል እንዲሁ ከባሏ አገልግሎት የሚመነጭ መሆኑን ታውቃላችሁ።

በ1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ በፈረሙት ሕግ የግል የጡረታ ሒሳብ ተቋቋመ። በመሥሪያ ቤቱ የጡረታ ዕቅድ የሌለው ሠራተኛ በዓመት እስከ 1,500 ዶላር፥ ግብሩ እስከ ጡረታው ዘመን ቆይቶለት፥ እንዲያስቀምጥ ተፈቀደለት። የራሷ ገቢ የሌላት ሚስት ግን ከደጅ ቀረች። በ1976 በሩ በጥቂቱ ተከፈተ፤ ለሁለቱ በአንድነት የተፈቀደው 1,750 ዶላር ሆነ። እንግዲህ ስለ ሚስቲቱ የተጨመረው 250 ዶላር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1981 የወጣው ሕግ ወሰኑን ወደ 2,000 እና ወደ 2,250 ከፍ ሲያደርግም ልዩነቱ ያው 250 ነበር።

ይህ እንዲቀና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች የሆኑት የቴክሳሷ ወይዘሮ ኬይ ቤይሊ ሃቺሰንና የሜሪላንዷ ባርባራ ሚኩልስኪ ደከሙ። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1997 ጀምሮ ለሚስትም እንደ ባል 2,000 ዶላር ተፈቀደ። በ2013 ሒሳቡ በወይዘሮ ሃቺሰን ስም እንዲጠራ ተደረገ።

በ2025 ወሰኑ ለያንዳንዳቸው 7,000 ዶላር፥ 50 ዓመት ለሞላው 8,000 ነበር። ምርጫውም ሁለት ነው፤ አንደኛው ግብሩ ገንዘቡ ሲወጣ የሚከፈልበት፥ ሁለተኛው ከ1998 ጀምሮ የተገኘውና ሮት የተባለው፥ ግብሩ አስቀድሞ የሚከፈልበት ነው። ባልና ሚስት ግብራቸውን በአንድነት ማስታወቅ፥ የሠራተኛውም ገቢ ለሁለቱ መዋጮ የሚበቃ መሆን አለበት። ሮትን ለመምረጥ ደግሞ የገቢ ወሰን አለ። ቤት የሚውለው ባል ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሒሳቡ በሚስቲቱ ስም መከፈቱ ነው፤ መዋጮው ከባሏ ደመወዝ ቢመጣም የሒሳቡ አዛዥ እርሷ ናት። ስለዚህ በዚያ አገር ልጆቿን በቤት የምታሳድግ እኅት ወይም ዘመድ ያለችው ሁሉ ይህን መብቷን ቢያስታውሳት መልካም ነው። የየዓመቱ ወሰን ዓመቱ ካለፈና የግብር ማስታወቂያው ቀን ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ አይገኝምና።