ያልታየ ደም መልስ እና የሌለ ደም መልስ፦ የክሊፔል–ትሬኖኔ ሕመም የምስል ምርመራ እና የሰርቬል ድምዳሜ

ሞሪስ ክሊፔል እና ፖል ትሬኖኔ የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1900 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ እግር ላይ አብረው የሚገኙ ሦስት ምልክቶችን፣ ይኸውም በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የሚባለውን ዓይነት ቀይ የቆዳ ምልክት፣ በልጅነት የሚጀምር የደም መልስ ማበጥን እና የአጥንትና የሥጋ ከልክ በላይ ማደግን እንደ አንድ ሕመም አቅርበዋል። ፓርክስ ዌበር የገለጸው፣ ደም ከደም ቅዳ በቀጥታ ወደ ደም መልስ የሚፈስበት ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ፍሰትን የሚለካው ዶፕለር አልትራሳውንድ ሁለቱን ስለሚለያቸው፣ «ክሊፔል–ትሬኖኔ–ዌበር» እያሉ የሦስቱን ሰዎች ስም ማጣበቅ ከልማድ ያለፈ ምክንያት የለውም።

አከራካሪው የቀዶ ሐኪሙ የሰርቬል ድምዳሜ ነው። ሰርቬል በ1985 በ768 የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ተመሥርቶ፣ የሕመሙ መነሻ በእግር ጥልቅ ደም መልሶች ላይ ያለ የአፈጣጠር ጉድለት ነው ሲል ጽፏል። ዋና ማስረጃው በእግር መዳፍ ጀርባ ቀለም ተወግቶ የሚነሣው ራጅ ሲሆን፣ ቀለም ያልደረሰበት ጥልቅ ደም መልስ እንደጠበበ ወይም ፈጽሞ እንደሌለ የመቁጠር ዝንባሌ ከዚሁ ምርመራ ተወልዷል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ልጆች እግር ውጫዊ ጎን ከመወለድ በፊት መክሰም የነበረበት ሰፊ ደም መልስ ብዙ ጊዜ ሳይከስም ስለሚቀር፣ ቀለሙ በሰፊው መንገድ ነጉዶ ጥልቁን ባዶ ይተወዋል። የቆዳ ሥር ደም መልሶችን በላስቲክ ማሰር ይህን በከፊል ያርማል፤ ላስቲኩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን ጥልቁንም ስለሚጨፍን፣ «ጥበቱ» የአሳሪው እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። በዶፕለር ሲመረመር ባትን በእጅ ጨመቅ ማድረግ ብቻ፣ በራጅ ያልታየው ከጉልበት በስተጀርባ ያለ ደም መልስ በዶፕለሩ የፍሰት ቀለም ተሞልቶ እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል።

ሰርቬል በጥልቅ ደም መልሶች ላይ ጅማት መሰል ማነቆዎችን በቀዶ ሕክምና በዓይኑ አይቷል የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም፤ ማነቆ መኖሩ ሕመሙን ማምጣቱን፣ ለምሳሌ አጥንቱን ማስረዘሙን፣ አያሳይምና። ከፅንሰት በኋላ በአንዳንድ ሕዋሳት ብቻ የሚፈጠረው የፒአይኬ3ሲኤ ዘረመል ለውጥ በብዙ ታካሚዎች መገኘቱ ደግሞ የአጥንትን፣ የስብንና የደም ሥርን ማደግ በአንድነት ያስረዳል።

እርግጥ ነው፣ ጥልቅ ደም መልስ በእውነት የሌላቸው ልጆች አሉ፤ በእነርሱ ላይ የጎኑን ደም መልስ ማውጣት ደም የሚመለስበትን ዋና መንገድ መዝጋት ይሆናል። ስለዚህ የምስል ሐኪሙ «የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ላስቲኩ የት እንደታሰረ፣ ባቱ ተጨምቆ እንደታየና ኤምአርአይ ከተነሣ ምስሉ ቀለሙ ወደ ደም መልስ እስኪደርስ ተጠብቆ መነሣቱን በሪፖርቱ ላይ ማስፈር ይኖርበታል።