ብዙዎችን በአንድ ቃል መጥራት፦ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የተነሣ የቋንቋ ጥያቄ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከእንጦጦ ተራራ ሥር በ705 ሄክታር መሬት ላይ የተዘረጋ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ተቋም ነው። ዓላማው አገር በቀል እጽዋትን መጠበቅ፣ ማጥናትና ማስተማር ነው። ለቋንቋ ተመልካች ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ በዕድሜም በኑሮም የማይገናኙ ሰዎች ለጥቂት ሰዓት አንድ ቡድን የሚሆኑበት ቦታ ነው። አንድ አስጎብኚ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎችን ከነመምህራቸው፣ ነጠላ ያጣፉ ሁለት አዛውንቶችን፣ ለመዝናናት የመጡ ወጣቶችንና ለክረምት ከዋሽንግተን የመጣች ልጃገረድን አስከትሏል እንበል። አንድ በአንድ ሲያነጋግራቸው ችግር የለበትም። ለልጁ «አንተ»፣ ለልጅቷ «አንቺ»፣ ለአዛውንቶቹ ለየብቻ «እርስዎ» ይላል። ሁሉም ወደ አንድ ጽድ ሥር እንዲሰበሰቡ ሲፈልግ ግን ሰዋስው የሰጠው ተውላጠ ስም አንድ ብቻ ነው፦ እናንተ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ «እናንተ! ወደዚህ ኑ» ቢል ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም። ከአነጋገር ወግ አንጻር ግን ነውር ነው። ብቻውን የተጠራ «እናንተ» የዘበኛ ቁጣ ይመስላል፤ ተማሪዎቹ ይደነግጣሉ፣ አዛውንቶቹ ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ አስጎብኚው ከፊቱ አንድ ስም መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ የትኛውን ስም እንደሚጨምር መወሰኑ ነው አስቸጋሪው።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው አንድ ነገር ነው። አንድ ቋንቋ ለቡድን መጥሪያ አዳዲስ ቃላት የሚያበጀው ተውላጠ ስሙ ክፍተት በተወበት በኩል ነው። የእንግሊዝኛ ክፍተት የቁጥር ነው፤ የአማርኛ ደግሞ የክብር። ወደ ክፍተቱ የወሰደው መንገድ ግን በሁለቱም ዘንድ በአስገራሚ ሁኔታ ተመሳሳይ ነው።

በድሮው እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው የሚነገርና ለብዙ ሰዎች የሚነገር የተለያዩ ተውላጠ ስሞች ነበሩ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የብዙ ቁጥሩ ለአንድ የተከበረ ሰው መነገር ጀመረ። ክብሩ ቀስ በቀስ ለሁሉም ተዳረሰና ነጠላው ከመደበኛው ንግግር ወጣ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ክዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ለዳኛም ለባላባትም በነጠላው እየተናገሩ ብዙ ቁጣ ቀስቅሰዋል። ዛሬ «ዩ» ለአንድም ለሺም አንድ ነው። ክፍተቱን የሞላው የየአካባቢው ሕዝብ ነው። የአሜሪካ ደቡብ «ዮል» ይላል፣ ፒትስበርግ «ዪንዝ»፣ አየርላንድ፣ ሊቨርፑልና ግላስጎው «ዩዝ»፤ ጃማይካ ደግሞ «ኡኑ»ን ይዛለች፤ የናይጄሪያው ኢግቦ ቋንቋም ለብዙዎች የሚለው ይህንኑ ነው። በስፋት የተሰራጨው «ዩ ጋይስ» ነው። ምንጩ በ1605 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ለማፈንዳት ከተዶለተው ሤራ ጋር ስሙ የተያያዘው ጋይ ፎክስ ነው። በየዓመቱ የሚቃጠለው አሻንጉሊቱ «ጋይ» ተባለ፤ ስሙ ወደ ዝርክርክ ሰው፣ ከዚያም ወደ ማንኛውም ወንድ ተሸጋገረ፤ በመጨረሻ ሴቶችም ያሉበት፣ አንዳንዴም ሴቶች ብቻ የሆኑበት ቡድን መጥሪያ ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ግዕዝ ለአንድ ወንድ አንተ፣ ለአንዲት ሴት አንቲ፣ ለብዙ ወንዶች አንትሙ፣ ለብዙ ሴቶች አንትን ይላል። አማርኛ የብዙ ቁጥሩን የጾታ ልዩነት ጥሏል። አንትሙ ግን ጨርሶ የጠፋ አይመስልም፤ የዛሬውን «አንቱ» ከእርሱ የሚያወጡ ሊቃውንት አሉ። አወጣጡ ትክክል ከሆነ አማርኛም የሄደው በእንግሊዝኛ መንገድ ነው፤ የብዙዎች መጠሪያ ለአንድ ሽማግሌ ክብር ዋለ፣ ለብዙዎች ደግሞ ሌላ መበጀት ነበረበት። የተበጀውም በ«እነ» ነው። «እነ አበበ» ማለት ብዙ አበበዎች ማለት አይደለም፤ አበበና አብረውት ያሉት ማለት ነው። «እናንተ»ም እንዲሁ ከ«እነ» እና ከ«አንተ» ውሕደት የወጣ ነው፦ አንተና አብረውህ ያሉት። በአማርኛ ግሥ ውስጥ የቀድሞው አሠራር አሁንም ይታያል። «እርስዎ መጡ» እና «እነርሱ መጡ» ስንል ግሡ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው ክብር ለመስጠት የብዙ ቁጥር ግሥ እንጠቀማለን ማለት ነው።

ትግርኛ ይህንኑ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ንስኹም እና ንስኽን በመልካቸው የብዙ ቁጥር ናቸው፤ አገልግሎታቸው ግን ለአንድ የተከበረ ወንድና ለአንዲት የተከበረች ሴት ነው። ለብዙዎች ንስኻትኩም እና ንስኻትክን የሚሉ ረዘም ያሉ ቅርጾች ተበጅተዋል፤ የጾታውም ልዩነት እንደተጠበቀ ነው። አፋን ኦሮሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ቆሟል ማለት ይቻላል። ኢሲን ለብዙዎችም ነው፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም። ጉለሌ የሚለው ስያሜ ራሱ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ስለሆነ ማዕከሉ በቆመበት መሬት ላይ ከአማርኛው ቀድሞ ይነገር የነበረው ይህ ኢሲን ነው።

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት የአውሮፓ ቋንቋዎችን የክብር ተውላጠ ስሞች ከሥልጣንና ከመቀራረብ አንጻር ተንትነዋል። ትንታኔው ያተኮረው ግን ለአንድ ሰው በሚነገረው ላይ ነው። ሰሚዎች ሲበዙ በፈረንሳይኛ የአክብሮትና የቅርበት ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሁሉም «ቩ» ይባላል። ጀርመንኛ ለብዙዎችም ይለያል። አማርኛ በዚህ ከፈረንሳይኛ ጎን ይሰለፋል። አቡኑም ሕፃኑም አንድ ላይ ሲቆሙ «እናንተ» ናቸው። የማዕርግ ልዩነትን አጥብቆ በሚጠብቅ ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የክብሩ ሸክም ከተውላጠ ስሙ ወርዶ በመጥሪያ ስሙ ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አስጎብኚያችን «እናቶች፣ አባቶች» ይላል። ወይም ይበልጥ የሚያምረውን ዘዴ ይጠቀማል፦ «አባቶች እዚህ ይቀመጡ፣ ልጆች ወደ ፊት ጠጋ በሉ።» ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ግሡ መደብ ቀይሯል። ለልጆቹ በቀጥታ ይናገራል፤ ለአዛውንቶቹ ስለ ሌሎች ሰዎች የሚያወራ ይመስል በሦስተኛ መደብ ያልፋል። ተውላጠ ስሙ ያልሰጠውን ክብር ግሡ ሰጠው። ሌሎች ቋንቋዎች ተውላጠ ስም ፈጥረው የሚወጡትን ችግር አማርኛ በአንድ የግሥ ቅርጽ ሲወጣው ማየት ያስደስተኛል።

የመጥሪያ ስሞቹ እያንዳንዳቸው የመጡበት ቦታ አላቸው። «ጎበዝ!» በገጠር የወንዶች ስብስብ መጥሪያ ነው፤ ስሙ ነጠላ፣ ግሡ ብዙ፦ «ጎበዝ፣ ተነሡ!» የጎበዝ አለቃ የሚለው ሹመትም ሰዎቹን በዚሁ ስም ያያቸዋል። በሰው ደጅ የቆመ እንግዳ «ቤቶች!» ይላል፤ ማን እንዳለ ሳያውቅ ሰዎቹን በቤታቸው ይጠራል፣ የማዕርግ ምርጫውንም ያመልጣል። አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት አስጎስሞ ሺህ ሰው ፊት «ስማ!» ሲል የነበረው በነጠላ ተባዕት ነው፤ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ተቆጥሯል። ዲያቆን ግን በቅዳሴ ወንዱንም ሴቱንም «ተንሥኡ» ይላል፤ ግዕዝ ለሴቶች የተለየ ቅርጽ እያለው ተባዕቱ ለሁሉም በቅቷል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጓዶች» የመድረክ ቃል ሆነ፤ ሚኒስትርንና ገበሬን በአንድ ማዕርግ ለማሰለፍ ታስቦ የተመረጠ ቃል ቢሆንም «ጓድ ሊቀ መንበር» የሚለው አጠራር ማዕርጉን መልሶ አመጣው። ከ1983 በኋላ መድረኩን የወረሰው «ክቡራትና ክቡራን» ነው፤ ሴቶችን በማስቀደሙ ከግዕዝ ልማድ ይልቅ ከውጭ ዲፕሎማሲ ወግ የመጣ ይመስላል።

«እናንተዬ» ከሁሉም የተለየች ናት። «እናንተዬ፣ ምን ጉድ ነው!» የሚል ሰው ከፊቱ አድማጭ ላይኖረው ይችላል። የቡድን መጥሪያ የነበረው ቃል የመደነቅ ድምፅ ሆኗል። የስሜቱ ጓደኞች በሌሉበት ይጠራሉ ማለት ነው፤ ይህን የሚተካከል ነገር በ«ዮል» ዘንድ መኖሩን አላጋጠመኝም።

እንደ ጉለሌ ባሉ የሕዝብ ቦታዎች የሚተከሉ ማስጠንቀቂያዎች ደግሞ ጥሪውን በሁለት መንገድ ያልፉታል። አንደኛው «አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው» ነው፤ ተጠሪ የለውም፣ ስለዚህ የሚከፋም የለም። ሁለተኛው «እባክዎ ቆሻሻ አይጣሉ» ነው። ጽሑፉን ሺዎች ያነቡታል፤ ሰሌዳው ግን ሺዎቹን እንደ አንድ የተከበረ ሰው ያናግራቸዋል። «እባካችሁ» ቢል ደግሞ የመምህር ምክር ይመስል ነበር። ሰሌዳ ጸሐፊው ሳያስበው የአማርኛን ክፍተት ዘሎታል፦ ብዙዎችን ማክበር ስላልተቻለ አንባቢውን አንድ በአንድ አክብሯል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ። በአዲስ አበባ «ጀለሶች» ለቅርብ ጓደኞች የቆየ ቃል ነው። በቪዲዮ የሚናገሩት «ቤተሰብ» ማለት ጀምረዋል፤ አይተዋቸው የማያውቋቸውን ተከታዮች። ከሁለቱም ጋር «ጋይስ» ገብቷል፦ «ጋይስ፣ እንሂድ በቃ።» ቃሉ ከእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን ሥራውን ለውጧል። እዚያ ዋና አገልግሎቱ ቁጥር መለየት ነው፤ «ዩ» አንድን ሰው ይሁን ብዙዎችን እንደሚል ስለማይታወቅ «ጋይስ» ይጨመርበታል። እዚህ ቁጥሩን ግሡ ይናገራል፤ «ኑ» ከተባለ ብዙዎች መሆናቸው ታውቋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ጋይስ» የሚያመለክተው ተናጋሪው ከቡድኑ ጋር እኩያ መሆኑን ነው። የተዋስነው በእንግሊዝኛ የቁጥር ክፍተት የሞላ ቃል ነው፤ እኛ ግን የክብር ክፍተታችንን በእኩያነቱ በኩል ሞላንበት።

ከዋሽንግተን የመጣችው ልጃገረድ የምትሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እርሷ ባደገችበት «ጋይስ» ለመምህርም ለአያትም ሊነገር ይችላል፤ ንቀት የለበትም። ነጠላ ያጣፉትን አዛውንቶች «ጋይስ፣ ፎቶ እንነሣ» ብትላቸው ሁለቱም ዞር ብለው ወጣቶቹን ይፈልጋሉ፤ እነርሱ የተጠሩ አይመስላቸውም። አስጎብኚው ጠጋ ብሎ «እነ አባባ፣ ፎቶ እንነሣ እያለች ነው» ይላቸዋል፤ ከአባባ ጋር አብረው ያሉት፣ ተማሪዎቹም መምህሩም ልጃገረዷም፣ በ«እነ» ውስጥ ይገባሉ።