ጫት በውርጭ አገር፦ የይፋት ገደልና የ1332 ጦርነት

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የወረደ ሰው ነገሩን በቆዳው ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ይደርባል። ዋሻውን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ተጠማዝዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን ያው ተሳፋሪ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል ማለት ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ጉዞ ከ11 ዲግሪ በላይ ልዩነት አቋርጧል።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉ የባሕር ዳር ተራሮች ብርዳቸውን የሚያገኙት ከምድር ወገብ በመራቃቸው ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ብቻ ርቀን ውርጭ ያየነው በከፍታ ነው። ባሕሩም ቢሆን እጁ አለበት፤ በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ገደሉን ሲመታ ሽቅብ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል። የወፍ ዋሻ ጥድ በዚህ ይጠጣል። ታች ቀወት ማሽላና ማሾ ሲያበቅል፣ ላይ ጓሳና ጅብራ ይበቅላል።

ታዲያ ይሄ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው? እኔ እንደማስበው፣ ብዙ አገናኘው።

የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ገልብጦ ይፋትን ያዘ። ሀብቱ ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ንግድ ነበር። ግመል ደግሞ የቆላ እንስሳ ነው፤ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ጭነቱ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያ፣ አንዳንዴም ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል። (በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዙ ሃሪስ ጓዝም ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ትከሻ ነበር።) ገደሉን የያዘ ቀረጡን ያዘ። የደጋው ንጉሥና የቆላው ሱልጣን የተጣሉት በሃይማኖት ብቻ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1332 የይፋቱ ሰብረዲን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ላይ ተነሣ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ መርዓዴን ከተማዬ አደርጋለሁ፣ እዚያም ጫት እተክላለሁ ብሎ ዛተ። ጸሐፊው የንጉሡ ወገን ስለሆነ ቃሉን እንዳለ ማመን ይከብዳል። ግን ዛቻው የተመረጠው በብልሃት ነው፤ ጫት ውርጭ አይችልም። መርዓዴ በተለምዶ እንደሚባለው ተጉለት ከነበረች፣ ያ የገብስ አገር ነው። ሰብረዲን (ወይም በስሙ የጻፈው ሰው) የቆላውን ሕይወት በሙሉ ሽቅብ አወጣዋለሁ እያለ ነበር። ተሸነፈ፣ ወንድሙ ጀማለዲን በእሱ ቦታ ተሾመ። ሽንፈቱ ግን ይፋትን አላጠፋትም፤ ነገሥታቱና ወላስማዎቹ ገና ለብዙ ዓመት ተዋግተዋል።

የይፋት ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም አለ። ኖራ፣ አስበሪና መሳል ላይ የመስጊድ ግድግዳና መቃብር ቆመዋል፤ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንተዋቸዋል። የተሠሩትም በገደሉ ጥግ በተዘረጉ ተረተሮች ላይ ነው፦ የቆላው ሙቀት ቀለል በሚልበት፣ የደጋው ውርጭ ግን በማይደርስበት ከፍታ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጣርማ በርን በዋሻ ሲበሱት የሚያቋርጡት ይህንኑ የድሮ ድንበር ነበር። አሁንም ከዋሻው አንዱ አፍ ፀሐይ፣ ሌላው አፍ ጉም የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው።